ለአንድ ቀን የሚዘጋ መንገድ

ወዳጄ ቤሪል የመንደራችንን ወርሃዊ የዜና ወረቀት ስታነብልኝ ዜና አንባቢ መሆን ያምራታል። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ ትመጣለች፤ እኔ ሻይ አፈላለሁ፣ እሷ ታነባለች። ያን ዕለትም እንደ ልማዷ ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች። የአዳራሹ ጣሪያ አሁንም ያፈሳል። ቆሻሻ የሚነሳበት ቀን ከማክሰኞ ወደ ዓርብ ተዛውሯል። የውሻቸውን ዓይነ ምድር በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ትተው የሚሄዱ ሰዎች ማንነታቸው ይታወቃል፣ ሊያፍሩ ይገባል። የምክር ቤታችን ሊቀመንበር ዴዝመንድ ፒከርስጊል ስለ አውቶቡስ መጠለያው ለአውራጃው አስተዳደር በድጋሚ ጽፈዋል።

«በድጋሚ!» አልኩ። «ያ ሰውዬ መጻፍ ነው የተካነው። መጠለያው የታለ?»

ቤሪል አልሳቀችም። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ አስጠግታ እያየችው ነው።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«ቆይ እስቲ። ‹በሆምፊልድ ማሳ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ በዚህ ወር የመጨረሻ ሐሙስ ለአንድ ቀን ተዘግቶ ይውላል። ስለ ትብብራችሁ አመሰግናለሁ። ኢያን ስትራከን።›» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው። «ጀመረ! አላልኩሽም ሂልዳ? ጀመረ!»

«የእኔን መንገድ?» አልኩ።

ሆምፊልድ ከቤቴ ጎን ካለው በር አንስቶ እስከ ሱቁ ድረስ የተዘረጋ ማሳ ነው። በቁጥቋጦ አጥሩ ሥር አንድ ቀጭን መንገድ አለ። ስሄድ በቀኝ እጄ፣ ስመለስ በግራ እጄ አጥሩን እየዳበስኩ፣ የማንንም ክንድ ሳልይዝ ዳቦና ወተቴን ገዝቼ እገባለሁ። ሌላ መንገድ ቢባል አስፋልቱ ነው፤ እሱ ደግሞ የእግረኛ መሄጃ የሌለው፣ ከካባው ድንጋይ የጫኑ መኪኖች የሚከንፉበት። ሁለት ዓይን ያለው ሰው እንኳ እያማተበ ነው የሚያልፍበት።

ልጄ ክላይቭ ሊድስ ከተማ ነው የሚኖረው። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ግን ነገር አንዴ ከያዘ አይለቅም። «እማዬ፣ ብቻሽን ሱቅ መድረስ ያቃተሽ ዕለት እኔ ጋ ትመጫለሽ፤ ተስማምተናል» ይለኛል። «እኔ ጋ» ሲል ቤቱ እንዳይመስላችሁ። ከቤቱ ራቅ ብሎ ያለ የአረጋውያን ማደሪያ ነው። ወስዶ አስጎብኝቶኛል። ኮሪደሩ የተቀቀለ ጎመን ይሸታል፣ አልጋው ራስጌ ላይ የሚጎተት ገመድ ተንጠልጥሏል፣ አንዲት ሠራተኛ ደግሞ እንደ ሕፃን «የኔ ቆንጆ፣ ሽንት መጥቷል?» አለችኝ። እዚያ ከምገባ እዚሁ መንደራችን ባርምስቢ፣ ጓሮዬ ውስጥ ቢቀብሩኝ ይሻለኛል። ለክላይቭም እንዲሁ ነግሬዋለሁ።

እንግዲህ መንገዱ ለእኔ ምን እንደሆነ ይኸው ነው።

ስትራከን ሆምፊልድ ያለበትን እርሻ የገዛው የቀድሞው ባለመሬት ሽማግሌው ሜትካፍ ከሞተ በኋላ ነው። ስኮትላንዳዊ ነው፤ መጠጥ ቤት አይመጣም፣ ቤተ ክርስቲያን አይመጣም፣ ሰላም ሲሉት ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል አሉ። እኔ ደግሞ ራስ ሲነቀነቅ አይታየኝም፤ ስለዚህ ለእኔ ሰላም ብሎኝ አያውቅም ማለት ነው። መንደሩ ስለ እሱ የማይለው የለም። ቤት ሊሠራበት ነው። የለም፣ የአሳማ ማድለቢያ ነው። የለም፣ ከኋላው ትልቅ ኩባንያ አለ። እኔ በበኩሌ አንድ ነገር አስተውዬ ነበር፤ በአጥሩ ላይ ወደ መንገዱ ወጥቶ እጄን ይቧጥጠኝ የነበረው እሾህ ከዳር እስከ ዳር ተቆርጧል። ታዲያ ሰው ሌላው የሚሄድበትን መንገድ በነፃ የሚያጸዳው ለምንድን ነው? ሊለካው ነው አልኩ። ለክቶ ሊያጥረው።

ቤሪል ከሄደች በኋላ መቀመጥ አልሆነልኝም። ካፖርቴን ደርቤ ወደ በሩ ወጣሁ። ብረት ሲፈተግ ሰማሁ፤ የማሽን ዘይት ሸተተኝ።

«ማነህ?» አልኩ።

«ስትራከን ነኝ፣ ሚስስ ጋርበት። ማጠፊያው ዝጎ ነበር።»

«ለመዝጋት እያዘጋጀኸው ነው?»

«አዎ፣ ለሐሙስ።» ምንም አላፈረም። «ወረቀቱ ላይ አውጥቻለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ዛሬ አንድ ቀን፣ ነገ አንድ ሳምንት። እኛ ትናንት የተወለድን መሰለህ?»

የዘይቱን ጣሳ መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ሰማሁ። «ሜትካፍም በየዓመቱ ይዘጋው ነበር» አለ።

«ሜትካፍ? በሕይወቱ ዘግቶት አያውቅም! እኔ በየቀኑ የምሄድበት!»

«የገና ቀን ይሄዱበት ነበር?»

በገና ቀን ሱቁ ዝግ ነው። መንደሩ በሙሉ የተጠበሰ ዳክዬና ዝይ ፊት ተሰይሟል። ማን ይወጣል?

«ሰዎች ባለመሬቱን ሳያስፈቅዱ ለብዙ ዓመት ከተመላለሱበት» አለ ቀስ ብሎ፣ «መንገዱ የሕዝብ ይሆናል፤ ሕጉ ነው። በዓመት አንድ ቀን ከተዘጋ ግን በፈቃድ እየሄዱ ነው ማለት ነው። ሜትካፍ ማንም በማያይበት ቀን ቆልፎ፣ በማግስቱ ይከፍት ነበር። ለእኔ ያ ማጭበርበር መሰለኝ። የምዘጋ ከሆነ ሰው እያወቀ ልዝጋ ብዬ ነው።»

«እና እኔ ሐሙስ ምን ልብላ?»

«ለዚህ ነው ልመጣብዎት የነበረው።» መዳፌ ላይ ቀዝቃዛ ነገር አስቀመጠ። ቁልፍ ነው። «የሁለቱንም ጫፍ ጓጉንቸር ይከፍታል። ሐሙስም ሆነ ሌላ ቀን እንደፈለጉ ይለፉ። አንድ ነገር ብቻ፤ ሐሙስ ካለፉ በኋላ መልሰው ይቆልፉት።»

«ለምን ለእኔ?»

«ሁልጊዜ ጠዋት ስለማይዎት። እሾሁንም የቆረጥኩት እጅዎ እየደማ ሲሄዱ አይቼ ነው።»

አላመንኩትም። በስተርጅና ማንም ሰው በነፃ ነገር ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማደርገው ኪሴን መዳበስ ነው። እዚያው ፊቱ ቁልፉን ጓጉንቸሩ ውስጥ ከትቼ አዞርኩት። ከፈተ። መልሼ ቆለፍኩት። አሁንም ከፈተ። «እሺ» አልኩና አመሰግናለሁ ሳልል ገባሁ።

ነገሩን ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር፤ ለቤሪል ግን ምን ልደብቃት? ባሎቻችንን የቀበርነው አብረን ነው። በማግስቱ ነገርኳት።

«ቁልፍ ሰጠሽ?» ድምጿ ተለወጠ። «ለምን?»

«እኔም እሱን ነው የጠየቅኩት።»

«ይሄ ሰውዬ ተንኮል አለው ሂልዳ። አንቺን ለመያዝ ነው።»

«ይሆናል። ግን አፍሽን ያዢ።»

«እኔ? እኔ መቃብር ነኝ!» አለች።

መቃብሩ ሳምንት ሳይሞላው ተከፈተ። ዴዝመንድ በአዳራሹ ስብሰባ ጠራ። ጣሪያው እየተንጠባጠበ፣ ከሥሩ ባልዲ ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተሰበሰበ። ዴዝመንድ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነው፤ ዛሬም ሲናገር ሰው ሁሉ እርሳስ ይዞ የተቀመጠ ይመስለዋል።

«ወዳጆቼ፣ ነገሩ የአንድ ቀን ጉዳይ አይደለም። መንገዱ የሕዝብ መሆኑ እንዲመዘገብልን ለአውራጃው እናመለክታለን። ይህን የምናደርገው በተለይ ለማን ነው? ለእኛው ለሂልዳ ነው!»

ጭብጨባ ሆነ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ነገሩ ሸተተኝ፤ ሰው ሳልጠይቀው ሲያጨበጭብልኝ ደስ አይለኝም።

«ነገር ግን» አለ ዴዝመንድ፣ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድ ችግር አለ። ባለመሬቱ ለሂልዳ ቁልፍ እንደሰጣት ሰምተናል።»

ፊቴን ወደ ቤሪል አዞርኩ። መቃብሯን ሳል ያዛት።

«ይህ ወጥመድ ነው» ቀጠለ ዴዝመንድ። «የእኛ ክርክር ‹ማንንም ሳናስፈቅድ ነው የምንሄደው› የሚል ነው። ከሁላችን በላይ በዚያ መንገድ የምትመላለሰው ሂልዳ ናት፤ ዋና ምስክራችን ናት። እሷ በእሱ ቁልፍ፣ በእሱ ፈቃድ አለፈች ማለት ግን ክርክራችን አለቀለት ማለት ነው። ስለዚህ ሂልዳዬ፣ ቁልፉን ለእኔ ትሰጪኛለሽ።»

«ስትራከን እኮ ሜትካፍ በየገናው ይዘጋው ነበር ይላል» አልኩ።

«ማን አየ?»

«ማንም አላየም። ነገሩ እሱ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። «ሙት ምስክር አመጣ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«እሺ፣ ይሁን። አውራጃው ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?» አልኩ።

ዴዝመንድ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ወረፋ አለ። ዓመታት ሊወስድ ይችላል።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ሰውየው ቆልፎ ሊያቆየው ይችላል። ግን ሁላችንም መሥዋዕትነት...»

«እኔ ሱቅ በምን ልሂድ? በመሥዋዕትነት?»

«ተራ እናወጣለን!» አለች አንዲት ሴት ሞቅ ብላ። «ዕቃሽን በየተራ እናመጣልሻለን።»

ወይ ጉድ! ተራ! ለቤተ ክርስቲያኑ አበባም ተራ ወጥቶ ነበር፤ አበባው እዚያው የአበባ ማስቀመጫው ላይ ደርቆ ቀረ። ደግሞስ የክላይቭ ቃል «ብቻሽን» ነው። ሰው ዕቃዬን ተሸክሞልኝ የመጣ ዕለት እኔ የሊድስ ሰው ሆንኩ ማለት ነው። ይህን ለእነሱ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሁሉም ያውቃሉ። ያን ዕለት ግን ያስታወሰ አልነበረም። ለእኔ ብለው ሲታገሉ እኔን ረስተውኝ ነበር።

«አስብበታለሁ» ብዬ ወጣሁ። ያጨበጨበልኝ እጅ ሁሉ በሩን እንኳ አልከፈተልኝም።

እሑድ ክላይቭ ደወለ። «እማዬ፣ ዴዝመንድ ደውሎልኝ ነበር። መንገዱ ሊዘጋ ነው አለኝ።»

ደሜ ፈላ። «እሱ ምን አግብቶት ነው አንተን የሚያስቸግርህ?»

«‹ቁልፉን እንድትሰጠኝ አሳምናት› አለኝ። እኔ ግን ያሳሰበኝ ቁልፉ አይደለም፤ አንቺ ነሽ። ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ። ሱቅ ብቻሽን ስትደርሺ ላይሽ። ካልሆነ እንነጋገራለን።»

«እንነጋገራለን» ሲል ሻንጣዬን መኪናው ውስጥ እንደጫነ ነው የሚቆጠረው፤ ልጄን አውቀዋለሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልመጣልኝም። ማንን ልመን? ዴዝመንድ ለስሙ ነው የሚሟገተው። ቤሪል አፏን አትይዝም። ክላይቭ ለኅሊናው ዕረፍት ነው የሚጣደፈው። ያ ስኮትላንዳዊስ? የዴዝመንድ ነገር አንጀቴ ውስጥ ገብቶ ቀረ፦ ወጥመድ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ስትራከንን እዚያው በሩ ጋ ጠብቄ ያዝኩት። በጎቹን ሲቆጥር ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ ብትዋሽ በድምፅህ አውቅብሃለሁ» አልኩት። «ይሄን ቁልፍ የሰጠኸኝ አዝነህልኝ ነው ወይስ ለክርክሩ እንድጠቅምህ?»

በጎቹ ሣር ሲነጩ ይሰማኝ ነበር።

«ሁለቱም» አለ።

«ምን?»

«መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ እርስዎ ነው። ጠበቃዬን ሳማክረው ደግሞ ‹ግሩም ነው፣ እሷ በፈቃድ ካለፈች መንደሩ ምንም ክርክር የለውም› አለኝ። ያንን ከሰማሁ በኋላ ነው የሰጠሁዎት። ስለዚህ ሁለቱም ነው።»

ተናደድኩ። ዱላዬን አንስቼ ብጠልዘው ደስ ባለኝ። «አሮጊት እንደ ማስረጃ ትይዛለህ? አታፍርም?»

«አፍራለሁ» አለ። «ቁልፉን ሊመልሱልኝ ይችላሉ። መንደሩ ካመለከተ ግን በሩ ለሁልጊዜው ይቆለፋል፤ ይህንንም አልዋሽዎትም።»

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። አልመለስኩለትም። እያጉተመተምኩ ቤቴ ገባሁ፤ ግን አንድ ነገር ልናገር፣ በዚያ ወር ሙሉ የሚያሳፍረውን እውነት ፊቴ የነገረኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ያም ቢሆን አልወደድኩትም።

ሐሙስ ሆነ። ከቤቴ ሳልወጣ ጫጫታው ተሰማኝ። ውሻ ይጮኻል፣ የሻይ ፔርሙስ ክዳን ይንቀጫቀጫል፣ ዴዝመንድ «እናንተ በዚህ በኩል፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ፎቶ አንሺው እንዲያመቸው» ይላል። ከአካባቢው ጋዜጣ ሰው አስመጥቷል። እንደ አንድ ትልቅ ጥላ በሩን ከበው ቆመዋል፤ ፊታቸው አይለይልኝም፣ ድምፃቸውን ግን አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።

ክላይቭ መኪናው አጠገብ ነበር። «እማዬ፣ ክንዴን ያዢ» አለኝ።

«እጅህን ኪስህ ክተት። ልታየኝ አይደል የመጣኸው? እይ።»

ወደ በሩ ስጠጋ ሰዉ ከፈል አለ። ዴዝመንድ ጆሮዬ ሥር መጣ። «ሂልዳዬ፣ ቁልፉን ላትሰጪኝ ትችያለሽ፤ እሺ። ግን ብልሃት አግኝተናል። አንቺ ትከፍቺዋለሽ፣ ሁላችንም ተከትለንሽ እንገባለን። በተዘጋ ቀን መንደሩ በሙሉ ከሄደበት ተዘግቷል ማለት አይችልም! ሰብሮ የገባ የለም፣ ሕግ የጣሰ የለም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እናመለክታለን።»

«ከዚያ እሱ ቆልፎ፣ ጓጉንቸሩን ቀይሮ፣ አውራጃው እስኪፈርድ እኔ ሊድስ ገመድ እጎትታለሁ።»

«ሂልዳ፣ ስለ ራስሽ ብቻ አታስቢ እንጂ!»

እንዴ! ለሂልዳ ነው ብሎ ያስጨበጨበው ሰው ነው ይህን የሚለኝ! አንድ ክፉ ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ፎቶ አንሺው ቀረብ ሲል ዋጥኩት።

ጓጉንቸሩን በጣቴ ዳሰስኩ። ቁልፉን ከትቼ አዞርኩት። በሩን እኔ በማልፍበት ልክ ብቻ ገፋሁት፤ ዘይት ስለተቀባ ድምፅ አላሰማም። ገባሁ። ዘወር ብዬ በሩን ስስበው እምቢ አለኝ፤ አንድ እጅ በወዲያ በኩል ይዞታል። ጓንቷን አወቅኩት፤ ራሴ የሠራሁላት የሱፍ ጓንት ነው።

«ክፍቱን ተይው» አለች ቤሪል። ታለቅስ ነበር። «እባክሽ ሂልዳ። ይሄን ብታደርጊ ሰው አያናግርሽም። እኔም... እኔም እንዴት አድርጌ ልምጣ?»

«ልቀቂው ቤሪል።»

«ለእሱ ብለሽ ነው እኛን የምትዘጊብን?»

«ለእሱ አይደለም። እሱንም አላምነውም።»

«ታዲያ ማንን ነው የምታምኚው?»

ጣቶቿን ከብረቱ ላይ አንድ በአንድ አላቀቅኳቸው። እሷም አልታገለችኝም፤ ብትታገለኝ ይሻለኝ ነበር። በሩን ሳብኩት፣ ጓጉንቸሩን አስገብቼ ተጫንኩት። ቀጭ አለ።

«አዩ!» አለ ዴዝመንድ ለፎቶ አንሺው። «አዩ፣ ገዝቷታል!»

ክላይቭ «ዝም በል አንተ!» ሲለው ሰማሁ። ለእኔ የተናገረው እሱ ብቻ ነው። ሌላው በሙሉ፣ አብሬያቸው ያረጀሁት ሰው ሁሉ፣ ዝም አለ።

በቀኝ እጄ አጥሩን ያዝኩ። እሾህ የለውም። ቤሪል አሁንም በሩ ጋ ቆማ አፍንጫዋን ስትምግ ይሰማኛል። እኔም እንባዬ ይወርድ ነበር፤ ማን ያየኛል ብዬ አልጠረግኩትም። ወተት አልቆብኝ ስለነበር ወደ ሱቅ ሄድኩ።